ማዕርግ ዘግይቶ የመጣላቸው ሊቅ፦ የፕሮፌሰር ጌርቲ ኮሪ የሕይወት ታሪክ

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት ኹሉ ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንሥቶ የሚያስበው ስለ ማዕርጉና ስለ ደመወዙ ነው። ማሰቡ ራሱ ነውር አይደለም፤ ለሠራ ሰው የድካሙ ዋጋ ሊሰጠው ይገባልና። ነገር ግን ማዕርጉ በዘገየ ጊዜ ሥራውን እንደምን ማድረግ ይገባል? ማዕርግን የመስጠት ሥልጣን ያላቸው ሰዎችስ ሲያዘገዩት የሚጐዳው ማን ነው? ለእነዚህ ኹለት ጥያቄዎች መልስ የሚሆን የአንዲት ሊቅ ታሪክ ስላለ በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። እኚህ ሊቅ በባዮኬሚስትሪና በፋርማኮሎጂ፣ ይኸውም በሕያዋን ኬሚስትሪና በመድኃኒት አሠራር ጥናት ስማቸው የታወቀው ፕሮፌሰር ጌርቲ ኮሪ ናቸው። በታሪኩ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልጅነትና ትምህርት

ጌርቲ ቴሬዛ ራድኒትስ ኦገስት 15 ቀን 1896 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ፕራግ ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ ዋና ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በኦስትሪያና በሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። አባታቸው የኬሚስትሪ ዐዋቂ ሲሆኑ የስኳር ማጣሪያ ፋብሪካዎችን ያስተዳድሩ ነበር። ልጃቸው በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስኳር በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን ሲመረምሩ መኖራቸው የሚያስገርም መገጣጠም ነው።

እስከ ዐሥር ዓመታቸው ድረስ በቤት ውስጥ ከተማሩ በኋላ ወደ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገቡ። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት በዚያን ዘመን ሴት ልጅን ለጨዋ ቤት እመቤትነት የሚያዘጋጅ እንጂ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ አልነበረም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት አጎታቸው ሕክምና እንዲማሩ አደፋፈሯቸው፤ እርሳቸውም ቈረጡ። ሆኖም የመግቢያውን ደንብ ሲመለከቱ ላቲን፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ እንደሚጐድላቸው ተረዱ። ላቲኑ ብቻ ሌሎች ተማሪዎች ስምንት ዓመት የሚማሩት ነበር። ጌርቲ ግን የዕረፍት ጊዜያቸውን ሳይቀር ለጥናት አውለው ይህን ኹሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አሟልተው ፈተናውን አለፉ፤ በ1914 ዓ.ም. በፕራግ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ክፍል ገቡ።

በዚያም ካርል ኮሪ ከሚባሉ ተማሪ ጋራ ተዋወቁ። ኹለቱም በአንድ ዓመት በአንድ ከተማ የተወለዱ፣ ኹለቱም ተራራ መውጣትና ምርምር የሚወዱ ነበሩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በመካከሉ ተነሥቶ ካርል በኦስትሪያ ጦር ሠራዊት ውስጥ አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ትምህርታቸው ተመልሰው በ1920 ዓ.ም. ኹለቱም በአንድነት የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ የመጀመሪያውን የጋራ ጽሑፋቸውንም በዚያው ዓመት አሳተሙ። አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ እኩል ዕድሜ፣ እኩል ትምህርት፣ በአንድ ዓመት የተገኘ እኩል ዲፕሎማ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ኹሉ በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት።

ረኃብና ስደት

ባልና ሚስቱ ወደ ቪየና ሄዱ። ዶክተር ጌርቲ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ተቀጥረው ሕፃናትን ያክሙ፣ የእንቅርት ዕጢም ከሰውነት ሙቀት ጋራ ያለውን ግንኙነት ይመረምሩ ነበር። ነገር ግን የተሸነፈችው ኦስትሪያ በችጋር ላይ ነበረች። ዶክተር ጌርቲም ከምግብ እጥረት የሚመጣ የዓይን ድርቀት በሽታ ያዛቸው፤ ወደ ፕራግ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰው የተሻለ ምግብ ሲያገኙ ዳኑ።

ከረኃቡ ሌላ የሚያሰጋ ነገር ነበረ። ዶክተር ካርል በግራዝ ዩኒቨርሲቲ ከታወቁት የፋርማኮሎጂ ሊቅ ከኦቶ ለዊ ዘንድ ሊሠሩ ሲሄዱ የአይሁድ ዘር አለመሆናቸውን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ዶክተር ጌርቲ በጋብቻቸው ጊዜ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገብተው የነበረ ቢሆንም ትውልዳቸው ይታወቅ ነበርና በአውሮፓ ለኹለቱ የሚሆን የምርምር ቦታ እንደማይገኝ ተረዱት። በሆላንድ መንግሥት ሥር ወደ ጃቫ ደሴት ሄደው በሐኪምነት ለማገልገል እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በመካከሉ ከአሜሪካ ከኒው ዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ ካለው የነቀርሳ ጥናት ተቋም ለዶክተር ካርል የሥራ ጥሪ መጣ። እርሳቸው በ1922 ዓ.ም. ቀድመው ሄዱ፤ ዶክተር ጌርቲም ከስድስት ወር በኋላ በረዳትነት ሥራ አግኝተው ተከተሏቸው።

በቡፋሎ የነበሩት የተቋሙ አለቃ ሚስት ከባሏ ጋራ በአንድ ምርመራ ላይ መሥራቷን አልወደዱትም። ዶክተር ጌርቲ በተመደበላቸው ክፍል ተወስነው ካልሠሩ ከሥራ እንደሚሰናበቱ አስጠነቀቋቸው። ለጥቂት ጊዜ ከማይክሮስኮፓቸው ሳይርቁ ቈዩና ነገሩ ሲበርድ ወደ ጋራ ሥራቸው ተመለሱ። ኹለቱ በቡፋሎ ሳሉ ሃምሳ ያህል ጽሑፎችን በአንድነት አሳትመዋል። ዶክተር ጌርቲ ብቻቸውን የጻፏቸው ዐሥራ አንድ ጽሑፎችም አሉ።

ስኳር በሰውነት ውስጥ

እነዚህ ሊቃውንት ይመረምሩት የነበረውን ነገር ለመረዳት ጥቂት መግለጫ ያስፈልጋል። የምንበላው እህል ሆድ ውስጥ ሲፈጭ አብዛኛው ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል። ሰውነት ይህን ስኳር ኹሉ ወዲያው አይጨርሰውም፤ ትርፉን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል። ግላይኮጅን ማለት እጅግ ብዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት የሰውነት ጎተራ ነው። በ1921 ዓ.ም. ኢንሱሊን ስለ ተገኘ በዚያን ጊዜ የዓለም ሐኪሞች ኹሉ ስለ ስኳር በሽታ ይነጋገሩ ነበር። ይሁን እንጂ ስኳር ወደ ጎተራው እንዴት እንደሚገባ፣ ከጎተራውም እንዴት እንደሚወጣ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

ኮሪዎች ለአይጦች በሚዛን የተለካ ስኳር እያበሉ፣ ስንቱ በአንጀት እንደ ተመጠጠ፣ ስንቱ እንደ ተቃጠለ፣ ስንቱ በጉበት፣ ስንቱ በጡንቻ እንደ ተከማቸ ይቈጥሩ ዠመር። ሥራው የገንዘብ ቤት ሒሳብን ይመስላል፤ ገቢና ወጪ ካልተካከለ ያልታየ በር አለ ማለት ነው። በዚህም አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ዛሬ የኮሪ ዑደት የሚባለውን ነገር አስረዱ። አንድ ሰው አቀበት ሲሮጥ ጡንቻው በችኰላ ግላይኮጅኑን ይሰብራል፤ የሚደርሰው አየር ለዚህ ኹሉ ስለማይበቃም ከስኳሩ ከፊሉ ተቃጥሎ ሳያልቅ ላክቲክ አሲድ ሆኖ ይቀራል። ይህ ላክቲክ አሲድ በከንቱ የሚጣል አይደለም። በደም ተወስዶ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም እንደገና ስኳር አድርጎ ይሠራዋል፤ ስኳሩ በደም ተመልሶ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ጡንቻና ጉበት በደም መንገድ እየተላላኩ እንደሚኖሩ በዚህ ታወቀ።

የዘመድ ሕግ

ይህ ሥራ ስማቸውን ስላስጠራ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክተር ካርልን ይጋብዟቸው ዠመር፤ ዶክተር ጌርቲን ግን የሚጋብዝ አልነበረም። እንዲያውም በዚያው በኒው ዮርክ ግዛት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር ካርል ቦታ ሊሰጥ ፈቅዶ ከባለቤታቸው ጋራ መሥራታቸውን እንዲተዉ ጠየቃቸው። ዶክተር ጌርቲንም ለብቻ ወስደው የባልዎን ዕድል እያበላሹ ነውና ቢያስቡበት ይሻላል ብለው መከሯቸው። ይህ ነገር እጅግ አሳዘናቸው። ዶክተር ካርል ግን ግብዣውን አልተቀበሉም።

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያን ዘመን ባልና ሚስት በአንድነት እንዳይቀጠሩ የሚከለክል ደንብ ነበራቸው። የደንቡ ዐላማ በዘመድ መሳሳብን ማስቀረት ነበር፤ ለሥራ ቢሮ እንግዳ ያልሆነ ሰው ኹሉ የዚህን ዐላማ መልካምነት ይረዳዋል። ነገር ግን ደንቡ በሥራ ላይ ሲውል አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚያስቀረው ሚስትን ነበር። የችሎታዋ ጕዳይ ሳይጠየቅ ጋብቻዋ ብቻ ይበቃ ነበር።

በ1931 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ካርልን የፋርማኮሎጂ ክፍል ፕሮፌሰርና አለቃ አድርጎ ሾማቸው። ለዶክተር ጌርቲም በዚያው ክፍል ሥራ ሰጣቸው፤ ስሙ የምርምር ባልደረባ የሚል ሲሆን ደመወዙ ከባለቤታቸው ደመወዝ ጋራ ቢነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከሌሎቹ የተሻለ አድርጓል፤ ቢያንስ በሩን ከፍቷልና። ሆኖም ከላይ ያልነውን ሚዛን ብናስታውስ ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ይታያል።

በቤተ ሙከራው ውስጥ

አንድ ሰው በዚህ ቢቀየምና ሥራውን በግማሽ ልብ ቢሠራ የሚፈርድበት ያለ አይመስለንም። ዶክተር ጌርቲ ግን ከክፍሉ ሠራተኞች ኹሉ ይልቅ ትጉ ነበሩ። ስለ ሚዛንና ስለ ልክ ምንም ቸልታ አያውቁም፤ በየሳምንቱ አዲስ የወጣውን የሳይንስ ጽሑፍ ኹሉ ያነቡ ነበርና ለክፍሉ የዜና ምንጭ እርሳቸው ነበሩ። ከሳይንስ ሌላም ታሪክና የሕይወት ታሪክ መጻሕፍትን በብዛት ያነቡ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ኮሪዎች የእንቁራሪት ጡንቻ ፈጭተውና አጥበው ከፎስፌት ጋራ ባቈዩት ጊዜ እስከዚያ ድረስ ማንም የማያውቀውን ቅንብር አገኙ። ይህም ግሉኮስ በአንድ በታወቀ ጐኑ ከፎስፌት ጋራ የተጣመረበት ግሉኮስ-1-ፎስፌት ነው፤ ዛሬ የኮሪ ኤስተር ይባላል። የጎተራው በር የተገኘው በዚህ ነው። ግላይኮጅን ሲሰበር የመጀመሪያው ፍሬ ተራ ግሉኮስ ሳይሆን ይህ ቅንብር መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዶክተር ጌርቲ አንድ ልጃቸውን ወለዱ፤ እስከሚወልዱበት ሰዓት ድረስም ከቤተ ሙከራው አልተለዩም ነበር።

ቀጥለውም ይህን ሥራ የሚሠራውን ኤንዛይም አገኙ። ኤንዛይም ማለት በሕያው አካል ውስጥ የሚገኝ፣ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ነገር የሚለውጥ ንጥረ ነገር ነው። ብቅል ውስጥ ያለው ኤንዛይም የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር እየለወጠ ጠላ እንዲፈላ እንደሚረዳ ማለት ነው። የኮሪዎች ኤንዛይም ፎስፎሪሌዝ ይባላል። በ1939 ዓ.ም. በዚህ ኤንዛይም አማካይነት በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ግላይኮጅን መሰል ነገር ሠሩ። ይህን ያህል ትልቅ የሆነ የሕያዋን ሞለኪውል ከሕያው አካል ውጭ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ነገር ግን ከንጹሕ የጡንቻ ኤንዛይም የተሠራው ነገር አዮዲን ሲነካው እንደ ተክል ስታርች ሰማያዊ ሆነ፤ ከእንስሳ ጉበት የሚወጣው እውነተኛ ግላይኮጅን ግን ወደ ቡናማ ቀይነት ያደላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጥቂት የቀለም ልዩነት ባለፈው ነበር። ኮሪዎች ግን አላለፉትም። የሠሩት ሰንሰለት ቀጥ ያለ ሲሆን የተፈጥሮው ግላይኮጅን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው በመሆኑ ልዩነቱ እንደ መጣ ተረዱ፤ ቅርንጫፉን የሚያወጣ ሌላ ኤንዛይም እንዳለም አስረዱ። ቅርንጫፉን የሚቈርጠውም ከዓመታት በኋላ በዶክተር ጌርቲ ምርመራ ተገኘ።

በ1943 ዓ.ም. ዶክተር ጌርቲ የሕያዋን ኬሚስትሪና የፋርማኮሎጂ ተባባሪ ፕሮፌሰር ተባሉ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ወደ ሴንት ሉዊስ ከመጡ ዐሥራ ስድስት ዓመት፣ ዶክተር ከተባሉ ኻያ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ወደ 51 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ጥቂት ወራት ብቻ እንዳለፉ የስዊድን ሊቃውንት የዚያን ዓመት የፊዚዮሎጂና የሕክምና ኖቤል ሽልማት ግማሹን ለጌርቲና ለካርል ኮሪ፣ ግማሹን ለአርጀንቲናዊው ሊቅ ለበርናርዶ ሁሳይ ሰጡ። በዚህ የሕክምና ዘርፍ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሴት ፕሮፌሰር ጌርቲ ናቸው፤ በሳይንስ በጠቅላላው ደግሞ ከማሪ ኩሪና ከልጃቸው ከኢሬን ዦልዮ ኩሪ ቀጥሎ ሦስተኛዪቱ ነበሩ። ዶክተር ካርልም በስቶክሆልም ባደረጉት ንግግር ከኹለቱ አንዱ ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ሊራመድ ባልቻለም ነበር ሲሉ መሰከሩ።

ዐሥሩ የሕመም ዓመታት

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ከሽልማቱ ዜና ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ባልና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ሳሉ ፕሮፌሰር ጌርቲ ታመሙ። ምርመራው ሲደረግ የአጥንታቸው መቅኔ ደም መሥራቱን እያቆመ መሆኑ ታወቀ። ለዚህ በሽታ በዚያን ጊዜ ፈውስ አልነበረውም፤ የሌላ ሰው ደም እየወሰዱ መኖር ብቻ ነበር የሚቻለው።

እንዲህ ሆነው ዐሥር ዓመት ኖሩ፤ ዐሥሩንም ዓመት ሠሩ። ከቢሯቸው አጠገብ ትንሽ አልጋ ተዘጋጀላቸው፤ ሲደክማቸው ጋደም ብለው ሲሻላቸው ወደ ሥራቸው ይነሡ ነበር። በመጨረሻ መራመድ ሲያቅታቸው ባለቤታቸው ተሸክመው ከክፍል ወደ ክፍል ያደርሷቸው ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን የብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት የአስተዳደር ቦርድ አባል አድርገው ስለ ሾሟቸው ይህንም አገልግሎት አልተዉትም።

ከሥራቸው ኹሉ ለሰው ልጅ ቅርብ የሆነው የመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው ብለን እናምናለን። ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል አንዳንዶች ጉበታቸው በግላይኮጅን ተሞልቶ የሚያብጥባቸው፣ ደማቸው ግን ስኳር የሚያጣባቸው አሉ፤ ጎተራው ሞልቶ ባለቤቱ ይራባል ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ጊርከ በ1929 ዓ.ም. በሽታውን ገልጸውት ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ኮሪዎች ከእነዚህ ሕሙማን ጉበት ውስጥ ግሉኮስ-6-ፎስፌቴዝ የሚባለው ኤንዛይም እንደሚጐድል አሳዩ። ይህ ኤንዛይም ስኳሩን ከፎስፌቱ ፈትቶ ወደ ደም የሚለቅ የመጨረሻው በር ጠባቂ ነው። ከትውልድ የሚመጣ የሰውነት መዛባት በአንድ ኤንዛይም ጉድለት ምክንያት መሆኑ በቤተ ሙከራ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቅርንጫፍ ቈራጩ ኤንዛይም ሲጐድል የሚመጣው ሌላው ዓይነት ደግሞ ዛሬ የኮሪ በሽታ ይባላል። በቪየና የሕፃናት ሆስፒታል ሥራቸውን የዠመሩት ሐኪም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ታመሙ ሕፃናት ተመለሱ።

ፕሮፌሰር ጌርቲ ኮሪ ኦክቶበር 26 ቀን 1957 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው በሴንት ሉዊስ አረፉ።

ከታሪካቸው የምናገኘው ትምህርት

የኮሪዎች ቤተ ሙከራ ሌሎች በዘራቸው ወይም በሴትነታቸው ምክንያት የሚገፏቸውን ሰዎች በችሎታቸው ብቻ ይቀበል ነበር። በዚያ ቤተ ሙከራ ከሠሩት መካከል ስፔናዊው ስደተኛ ሴቬሮ ኦቾአና አርተር ኮርንበርግ በ1959፣ አርጀንቲናዊው ሉዊስ ለሉዋር በ1970፣ ኧርል ሰዘርላንድ በ1971፣ ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1974፣ ኤድዊን ክሬብስ በ1992 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በር መክፈት ምን እንደሚያፈራ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ብዙ ጸሓፊዎች ይህን ታሪክ ሲያወሱ ትዕግሥትን ያመሰግናሉ፤ እኛም ከዚህ አንለይም። ማዕርጉ እስኪመጣ ድረስ ሥራውን ያቆየ ሰው ማዕርጉ በመጣ ጊዜ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ፕሮፌሰር ጌርቲ የኮሪን ዑደት በረዳትነት፣ የኮሪን ኤስተርና ፎስፎሪሌዝን በምርምር ባልደረባነት አገኙ። ታላቁን ሥራቸውን የሠሩት ፕሮፌሰር ከመባላቸው በፊት ነው። በትምህርት ላይ ያለው ወጣት ይህን እንዲይዝ እንመኛለን።

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ብቻ ብንዘጋው ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብናል። ፕሮፌሰር ጌርቲ ቤተ ሙከራ ሊገቡ የቻሉት ያለ እርሳቸው አልሄድም የሚሉ፣ የራሳቸው ክፍል ያላቸው ባል ስለ ነበሯቸው ነው። እኩል ችሎታ ኖሯቸው እንዲህ ያለ ደጋፊ ያላገኙት ሴቶች ስንት ነበሩ? እነርሱ ሊያገኙት የሚችሉት ነገር ሳይገኝ ስንት ዓመት ቈየ? ይህን የሚመዘግብ መዝገብ የለም፤ የደንብ ጉዳት ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚቀረውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ዛሬ በየቢሮው የተቀመጡት ወጣት ሹማምንት ነገ ደንብ አውጪና ማዕርግ ሰጪ ይሆናሉ። ያን ጊዜ በፊታቸው የሚቀርበውን ማመልከቻ ሲመለከቱ የደንቡን ቃል ብቻ ሳይሆን የወጣበትንም ምክንያት ይጠይቁ። ደንቡ ለሥራ የሚጠቅመውን ሰው ከበር የሚመልስ ሆኖ ከተገኘ ሰውየውን ወይም ሴቲቱን ከመመለስ ይልቅ ደንቡን ማረም ይሻላል። የሴንት ሉዊሱ ዩኒቨርሲቲ ዐሥራ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ያረመውን ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ሊያርመው ይችላል።